የሮቢት ሙቀት ወሬ ነው

በሐምሌ ወር፣ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ የሱፍ ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ እስከ አንገቱ ቆልፎ የወጣ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ከእኔም በኋላ አይኖርም። ኮቱ የሠርጌ ነው። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ትከሻዬን ሊለካ ሜትሩ አጥሮበት ከጎረቤት ሌላ ሜትር ተውሶ ቀጥሎበታል። አሁን ቁልፉ ሆዴ ላይ ትንሽ ይጨነቃል፤ ቢሆንም ይዘጋል።

የለበስኩት ለአማቴ ነው።

እማማ ሐረገወይን ደብረ ሲና ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዐምና ክረምት፣ ጉሙ ግቢያቸው ገብቶ የራስን እጅ እንኳ በማያሳይበት ጠዋት፣ ከማድቤት ሲወጡ ጭቃው አንሸራተታቸውና እጃቸው ተሰበረ። ጎረቤት ሰምቶ እስኪደርስ ድረስ ጭቃው ላይ ወድቀው ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ከበቡሽ ሰላም የላትም። እናቷ አንድ ጊዜ ስልክ ሳያነሱ ከቀሩ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መናኸሪያ ልትሄድ በር ላይ ትቆማለች። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ እኛ ጋ መጥተው ይኑሩ ብላ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን ቆላ ይፈራሉ። «እዚያ ሰው ይቀቀላል» ይላሉ። ስትወተውታቸው ከርማ፣ «እሺ፣ አንድ ቀን ወርጄ ልየው። ከቻልኩት እቆያለሁ፤ ካልቻልኩት ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ» አሏት።

ስልኩን ከእጇ የወሰድኩት ያን ጊዜ ነው።

«እማማ፣ የሮቢት ሙቀት ወሬ ነው» አልኳቸው። «የደብረ ሲና ሰው በምቀኝነት ያወራው። እኔ እዚህ ኮት ለብሼ ነው የምውለው።»

«ኮት?»

«የሱፍ» አልኩ።

ምን ላድርግ፣ አፌ ቀድሞኝ ይሄዳል፤ እኔ ከኋላው እየሮጥኩ ነው የምደርስበት።

የመጡበት ሚኒባስ መናኸሪያ ሲደርስ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነበር። ደገኛ ነፋስ ይፈራል፤ ላብ ላይ ነፋስ ካገኘው በማግስቱ የሚቀበር ነው የሚመስለው። ስለዚህ ያን ሁሉ ቁልቁለት፣ አየሩ በየመታጠፊያው እየጋለ፣ አንዱም መስኮት ሳይከፍት ወርዷል። በሩ ሲከፈት የወጣው እንፋሎት ባርኔጣዬን ሊወስደው ምንም አልቀረውም። እማማ ሐረገወይን ነጠላ ተከናንበው፣ በላዩ ጋቢ ደርበው ወረዱ። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«አልሞቀዎትም አይደል?» አልኳቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ካልሞቀህ እኔን ምን ያሞቀኛል?» አሉና ጋቢያቸውን ጠበቅ አደረጉ።

ከበቡሽ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ዛሬ እንኳ አትዋሽ» አለች በሹክሹክታ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ከከተማችን ዳር አዲስ መዝናኛ ተከፍቷል። ሐሳቡን የሰጠሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ የደሴ አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙበት ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው፣ የመዝናኛው ባለቤት አንድ ቀን እዚያ ጥብስ ሲበላ «እዚህ አገር ውሃ ያስፈልጋል» ብዬዋለሁ። መዋኛው ቀይ ባሕርን ያህላል። ከውሃው ወዲያ ደግሞ ወንበሮች ተንጠልጥለውበት ሰው ይዞ የሚዞር ትልቅ መንኮራኩር አለ፤ ጫፉ ላይ ደመና ይጋጫል። እዚያ ውሃ ዳር፣ ጥላ ሥር አስቀምጬ ለስላሳ ባጠጣቸው፣ ማታ ልብሳቸውን ከደብረ ሲና የሚያስመጡ ነበር የመሰለኝ።

ጥላ ግን አልነበረም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ኖሮ የአጣዬም የማጀቴም ሰው ልጆቹን ይዞ ወርዷል። በየዛፉ ሥር ምንጣፍ፣ በየምንጣፉ ቤተሰብ። ማታ የዘነበው ዝናብ ከመሬት እየተነነ ይወጣል፤ ወበቁ ጆንያ ውስጥ ገብተህ እንደታሰርክ ያህል ነው።

መቀመጥ አልቻልኩም። ስቀመጥ ላቡ በአከርካሪዬ ይወርዳል፣ ስነሳ ጉልበቴ ላይ ይጠራቀማል። «ተነሱ፣ እዚያ ይሻላል» እላለሁ። እዚያ ስንደርስ፣ «የለም፣ ያኛው ነው የሚሻለው።» መዋኛውን ዞርነው። የልጆች ዥዋዥዌ ጋ ሄደን ተመለስን። እንደገና መዋኛውን ዞርነው።

«ልጄ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?» አሉ እማማ።

«አየሩን እያስጎበኘሁዎት ነው።»

በመጨረሻ መንኮራኩሩ አጠገብ ካለው የሙሚና ጥላ ሥር ገባን። ሙሚና በሰፈራችን የታወቀች የማንጎ ነጋዴ ናት፤ መዝናኛው ከተከፈተ ወዲህ እዚያ ውስጥ ማንጎና ቀዝቃዛ ውሃ ትሸጣለች። ሻርፗን ባልዲ ውስጥ ነከር አድርጋ፣ ጨምቃ፣ እርጥቡን ራሷ ላይ ጣል ታደርጋለች። ሲደርቅ እንደገና።

«አንተ ሰይፉ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ ኮቴን እያየች።

«ሁልጊዜ የምለብሰው እኮ ነው» አልኩና ዓይኔን ጠቀስኩላት።

«አሃ። ትናንት በሽርጥ ብቻ በሩ ላይ ተዘርግቶ፣ በካርቶን ሲያራግብ ያየሁት ታዲያ ማነው?»

«የአክስቴ ልጅ ነው። ይመስለኛል።»

እማማ ሐረገወይን ዞር ብለው አዩኝና ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሙሚና ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። «እትዬ፣ ጋቢውን ያስቀምጡትና ነጠላዎን ይስጡኝ። ልንከርልዎት።»

«እርጥብ ለብሼ ነፋስ ቢመታኝስ?»

«ነፋስ?» አለች ሙሚና። «አላህ ይስማዎት። ከመጣ ለእኛም ይንገሩን።»

እማማ አልሳቁም። ትንፋሻቸው አጥሯል። «ከበቡሽ፣ የመጨረሻው መኪና የሚወጣው መቼ ነው?» አሉ።

ከበቡሽ የእናቷን ያቺን የተጠገነች እጅ ይዛ ቁልቁል ማየት ብቻ ሆነ ሥራዋ። አውቃታለሁ። እናቷ ዛሬ ከተመለሱ፣ ክረምቱን ሙሉ በር ላይ ቆማ ነው የምታሳልፈው።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አልኩ፣ ብድግ ብዬ። «መንኮራኩሩ። ጫፉ ላይ የደብረ ሲና አየር ነው ያለው። ጉሙን በእጅዎ ይነኩታል።»

«እዚያ ላይ?»

«ከፈሩ ይቅር።»

የደብረ ሲና ሴት ፈራች ከተባለች አለቀ። ተነሡ። ከበቡሽ ራሷን ስለሚያዞራት ከሙሚና ጋር ቀረች። መንኮራኩሩን የሚያንቀሳቅሰው ሙጂብ ብረቱን ደረታችን ላይ ዘጋና፣ «ጋሼ ሰይፉ፣ ኮትዎን ልያዝልዎት?» አለኝ።

«አንተ ሥራህን ሥራ» አልኩት።

ወጣን። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር። ከዚያ ልክ ጫፉ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ጉር ብሎ ዝም አለ፤ ወንበራችን ወደ ፊት ተወዛውዞ ቆመ።

«መብራት ሄደ» አለ ሙጂብ ከታች። «ጄኔሬተሩን ላስነሣ፣ ትንሽ ታገሡ።»

ፀሐይዋ ከደመና ወጥታ በቀጥታ እኛ ላይ ተተከለች። ከፍታ እኔን አያስፈራኝም፤ ያለ መሰላል ከዚህ የሚረዝም ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቻለሁ። ጆሮዬ ግን ይጮህ ጀመር። ከረባቴ በላብ አብጦ ይሁን እንጃ፣ አንገቴን ያዘኝ። ወደ ምዕራብ ሳይ ተራራው ሁለት ሆነ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንዳንድ ደብረ ሲና።

«ሰይፉ፣ ኮትህን አውልቅ» አሉ እማማ።

«አልሞቀኝም።»

«ከንፈርህ ነጥቷል።»

«ተፈጥሮዬ ነው።»

«አውልቅ አልኩህ።»

«ካወለቅሁ ይሄዳሉ!» አልኩ። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። «ይመለሱና ከበቡሽ በር ላይ ቆማ ትቀራለች። ይሞቃል፣ እማማ። በጣም ይሞቃል። ሮቢት ላይ በዚህ ወር ጥላዬ ራሱ ከእኔ ተለይቶ ዛፍ ሥር ነው የሚውለው። እኔን ሜዳ ላይ ጥሎኝ። ማታ ነው የምንገናኘው።»

ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ዞር ስል እየሳቁ ነው።

«የአክስትህ ልጅስ?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«አውቄያለሁ። ና፣ ክንድህን ስጠኝ።»

ኮቱ በላብ ቆዳዬ ላይ ተለጥፏል። እጅጌው እምቢ አለ። በአንድ እጅ አልሆንላቸው ሲል ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፈፍ አድርገው ጭናቸው ላይ ጣሉት፣ በሁለቱም እጃቸው ይዘው ሳቡ። ወንበሩ ተወዛወዘ። ኮቱ ወለቀ፤ ወልቆም አልቀረ፣ ከእጃቸው አመለጠና ክንዱን ዘርግቶ ቁልቁል ሄደ። ታች የሙሚና ባልዲ ውስጥ ገባ።

«የአክስትህ ልጅ ወደቀ» አለች ሙሚና ከታች። ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ ከመዋኛው የመጣው ሳቅ ብቻ ማጀቴ ይሰማል።

ነፋሱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከተራራው በኩል፣ ቀስ ብሎ። እማማ ሐረገወይን ጀርባቸው በላብ ርሶ፣ ያለ ጋቢ፣ ቀጥ ብለው ቀሩ። እጃቸው ወደ ጋቢው ሄደ። ዓይናቸውን ጨፍነው ብርዱ እስኪመታቸው ጠበቁ። እኔም አብሬ ጠበቅሁ።

አልመታቸውም።

«እህ» አሉ። አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ እንደገና «እህ» አሉ። ከዚያ፣ «ይሄ ነፋስ ከየት ነው?»

«ከደብረ ሲና ነው» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ያስመጣሁት።»

ጄኔሬተሩ ሲነሣ ጋቢው አሁንም ጭናቸው ላይ ነበር። ወረድን። ሙሚና ኮቴን ጨምቃ አጥር ላይ አስጥታዋለች። እማማ በቀጥታ ወደ እሷ ሄዱና ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ዘረጉላት።

«ንከሪልኝ» አሉ።

እርጥቡን ራሳቸው ላይ ሲያደርጉት ትከሻቸውን ሰበቅ አደረጉ፤ አላወለቁትም።

ከበቡሽ ስልኳን በእጇ ጨብጣ ቆማለች። «እማዬ» አለች፣ «መናኸሪያ እንሂድ?»

እማማ አጥር ላይ የተሰጣውን ኮት አዩ፣ ከዚያ እኔን። «ይሄን ሰውዬ ጥዬ ወዴት ልሄድ ነው? ራሱን በሱፍ ይገድላል» አሉ። «ክረምቱ እስኪወጣ ልየው። አልጋዬን መስኮቱ አጠገብ አድርጊልኝ።» አሰብ አደረጉ። «መስኮቱ ግን ይዘጋ። ለጊዜው።»

ወደ ቤት በባጃጅ ስንመለስ ግራና ቀኙ ክፍት ነበር። ከበቡሽ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ወደ ታች፣ ከሁሉ ነገር ሥር። ስንደርስም አላወጣችውም።

«ሰይፉ» አሉ እማማ ሐረገወይን፣ እርጥቡ ነጠላቸው ፊቴ ላይ እየተርገበገበ። «ነገ ምን ትለብሳለህ?»

«ሽርጥ» አልኩ። «በመላው ይፋት እንደ እኔ ሽርጥ ማሰር የሚችል የለም።»