ሪማፕ የተደረገችው የሙሽራ መኪና

ባለቤቴ ለይኩን መልካም ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የሚቀጥለውን የሰማ ሰው ሌላ እንዳያስብ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር በቢሮውም በቤተ ክርስቲያንም ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። የዋሸው ስለ መኪናችን ብቻ ነው። እሱንም ሁለት ዓመት ሙሉ።

ነገሩ የተጀመረው ልጃችን ባርኮት ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነው። አንድ ቅዳሜ እንጦጦ ልናናፍሳት ስንወጣ መኪናችን ዳገቱ መሃል ላይ አቃሰተችና እምቢ አለች። ፊቷን አዙረን በቁልቁለቱ ተመለስን። ልጅቷ ስታለቅስ አባቷ፣ «የሰርግሽ ቀን እኔ ራሴ ጫፉ ድረስ አወጣሻለሁ» አላት። አባት የሚያለቅስ ልጅ ለማባበል የማይለው የለም። ይቺ ግን አልረሳችም። ዮፍታሔ ሲያጫት የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። የኪራይ ሊሞዚን አልፈልግም፣ አባዬ በራሱ መኪና ይንዳኝ አለች።

መኪናዋ ያቺው ናት፣ ዳገቱም ያው ነው። ለይኩን እንቅልፍ አጣ። በዚህ ጊዜ ነው ገመቺስን ያገኘው። ገመቺስ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምር ነው፤ መገናኛ አንድ ፎቅ ሥር ላፕቶፑን ይዞ ይቀመጥና የመኪና ሞተር ኮምፒውተር ሪማፕ ያደርጋል፤ ፕሮግራሙን ለውጦ ለሞተሩ ጉልበት ይጨምርለታል።

«ጋሼ ለይኩን፣ ይቺ መኪና ጉልበት አላት እኮ» አለው። «ፋብሪካው ነው ቆልፎ የላካት።»

«ለምን ይቆልፍባታል?» አልኩት እኔ።

«ብዙ ዓመት እንድትቆይ ነዋ፣ እትዬ ጵርስቅላ።»

ይህን መልስ ያኔ ልብ ብንለው ኖሮ እኔም ዛሬ የማወራው ባልኖረኝ። ለይኩን ግን ጣቱን ወደ ዳሽቦርዱ ቀስሮ፣ ሞተሩ ሲታመም ስለምትበራው ቢጫ መብራት ይጠይቃል።

«እሷን አጠፋልዎታለሁ። ሁለተኛ አትረብሽዎትም። እሱ በነጻ ነው።»

«ተባረክ!» አለው። ቤቴ ሲቃጠል የሚጮህልኝን ጎረቤት አፉን አላስይዝም ብዬ ተናገርኩ፤ ማን ሰምቶኝ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ወራት ጉድ ነበሩ። በዕድሜው ሙሉ አንድ መኪና ቀድሞ የማያውቅ ሰው፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ከየካ አባዶ እስከ መገናኛ ሚኒባስ ሲቀድም ይውል ጀመር። ሲቀድም ፈገግ ይላል፤ እኔ እጀታውን ጨብጬ እጸልያለሁ። እሁድ በምስክርነት ሰዓት ተነሣና ማይኩን ያዘ። «ጌታ በወንድም ገመቺስ እጅ መኪናዬን አደሰልኝ፤ መብራቷም ጠፋች!» አለ። ጉባኤው «አሜን!» ብሎ አጨበጨበ። በሁለት ወር ውስጥ የአሥራ አንድ ምእመን መኪና ገመቺስ ጋ ተሰልፎ መብራቱን አስጠፋ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሰው ስለ ጤናው መስክሮ መልሶ ቢታመም ፈተና ነው ተብሎ ይጸለይለታል። ስለ መኪናው መስክሮ፣ አሥራ አንድ ወንድም አስከትሎ፣ መኪናዋ ብትታመምስ ምን ይባላል? ለይኩን መልሱን ስላላወቀው መደበቁን መረጠ።

በስድስት ወሯ ውሃ መጠጣት ጀመረች። ዓመት ሲሞላት ዘይትም ለመደች። ባለ አምስት ሊትር የውሃ ጀሪካን የኋላ ወንበር ቋሚ ተሳፋሪ ሆነ።

«ጋራዥ ውሰዳት» እለዋለሁ።

«ምን ሆና? መብራት በርቷል እንዴ?»

«አስጠፍተኸው!»

«እኮ፣ አልበራም።»

የለመድነው ጋራዥ ያለው ከቤተ ክርስቲያናችን ፊት ለፊት ነው፤ እዚያ ቆማ እንዳትታይበት ነው ጭንቁ። አንድ ቀን ከጸሎት ስንወጣ የወንድም ሰላሙ ሚስት አይናለም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «የናንተም ትጠጣለች?» አለችኝ። «ለጉድ!» አልኳት። ሁለታችንም ከት ብለን ሳቅን። ባሎቻችን አጥሩ ሥር ቆመው፣ «መኪናህ እንዴት ናት?» «ጌታ ይመስገን፣ ንፋስ ናት!» ይባባላሉ።

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ባርኮት ጓዳ ድረስ ተከትላኝ መጣች። «እማዬ፣ መኪናዋ ደህና ናት አይደል?» አለችኝ። ልዘረግፍላት ስል ለይኩን በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ሰውዬው በዓይኑ ይለምነኛል። «ደህና ናት» አልኳት። በዚያች ቀን እኔም ውሸታም ሆንኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

የሰርጉ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ሰባት መኪና ሆነን፣ ሙሽሮቹ ፎቶ ወደሚነሱበት እንጦጦ ጉዞ ጀመርን። ለይኩን ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ ነኝ፣ ሙሽሮቹ ከኋላ ናቸው። ጀሪካኑን እግሬ ሥር አድርጌ በተረፈ ሪቫን ሸፍኜዋለሁ። ቀበናን ስናልፍ የሰባቱም ክላክስ ሰፈሩን ያናውጠው ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ግን ድምፁ እየሳሳ መጣ። በስፖኪዮ ወደ ኋላ አየሁ።

ወንድም አበራ ዳር ይዞ ቆሟል። ኮፈኑን ለመክፈት አልደፈረም፤ ስልኩን አውጥቶ ግንብ አጥር ፎቶ ያነሳል። ከፍ ብሎ ሰላሙ ቆሟል፤ ወርዶ እጁን ዘርግቶ ይጸልያል፣ ከመኪናው እንፋሎት ሽቅብ ይወጣል። መዘምራኑ የተጫኑበት መኪና ሲቆም ሁሉም ወርደው ዝማሬ ጀመሩ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ስንት መዝሙር እንደሚበቃ የሚያውቁ ይመስላሉ።

የኛዋ ጫፉ ላይ ለመድረስ ሁለት ኩርባ ሲቀራት ተንዘፈዘፈች፣ ነጭ ጭስ ለቀቀችና ጸጥ አለች። ዳሽቦርዱን አየሁት። ቢጫዋ መብራት አልበራችም። በሙሉ ጤንነቷ ሞተች።

ለይኩን ጉሮሮውን ጠረገ። «እዚህ ጋ... እይታው ለፎቶ ጥሩ ነው» አለ።

«አባዬ» አለች ባርኮት ከኋላ ቀስ ብላ፣ «ከባሕር ዛፍ በቀር ምን ይታያል?»

ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «ልጄ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ታማለች። አውቃለሁ። ሰው ፊት መስክሬ አፍሬ ነው። አንድ ቃል ነበረኝ፣ እሱንም...» ሁለት ዓመት ስናደድበት የኖርኩት ሰው ያን ጊዜ አንጀቴን በላው።

ባርኮት ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች፣ ዞራም በሩን ከፈተችለት። «ጫፉ ሩቅ አይደለም። ክንድህን ስጠኝ» አለችው።

ይህን ጊዜ አንዲት መኪና ሰውን ሁሉ አልፋ፣ ሳትተነፍስ ሽቅብ መጥታ አጠገባችን ቆመች። መስኮቱ ሲወርድ ገመቺስ ነው።

«ያንተዋ እንዴት ወጣች?» አለው ለይኩን።

«እኔማ የራሴን አልነካኋትም፣ ጋሼ። ለሥራ የምፈልጋት ናት።»

ጫማዬን አውልቄ ያልወረወርኩበት ለቀኑ ክብር ብዬ ነው። «ልውሰዳችሁ» ቢልም ማንም አልገባለትም። አባትና ልጅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ፣ ዮፍታሔ የቬሎውን ጫፍ ተሸክሞ ተከተለ፣ እኔ ጀሪካኔን ይዤ ከኋላ አለከልካለሁ። ፎቶ አንሺው ከፊታቸው ወደ ኋላ እየሄደ ያነሳል።

ያ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ያየው ሁሉ፣ አባት ልጁን በእግሩ ተራራ ሲያወጣት፣ ምን ዓይነት ድንቅ ሐሳብ ነው አለ። በሚቀጥለው እሁድ ለይኩን ሳይጠራ ተነሣ። «መኪናዬ ተበላሽታ ነው ልጄን በእግሯ ያወጣኋት። ሁለት ዓመት ዋሽቻችኋለሁ። ወንድሞቼ፣ መብራታችሁን አስመልሱ» አለና ተቀመጠ። ፓስተሩ ዓይኑን ጠርጎ፣ «እንዲህ ያለ ትሕትና አይቼ አላውቅም!» አለ። «አሜን!» ተባለ፣ ተጨበጨበ።

ስንወጣ ረዳ የሚባል ሊያገባ የደረሰ ወጣት ከእጮኛው ጋር በር ላይ ጠበቀን። «ጋሼ፣ እንጦጦ ላይ የቆማችሁበት ቦታ የቱ ጋ ነው? እኛም እዚያው ቆመን በእግር ልንወጣ ነው» አለ።

«እኛ አልቆምንም» አለው ለይኩን። «መኪናዋ ናት የቆመችው።»

ልጁ ሳቀ። «ይገርማል፣ ምን ዓይነት ትሑት ሰው ነዎት!»

መኪናችን ጋራዥ ከርማ፣ ኮምፒውተሯም እንደ ድሮው ሆኖ ወጣች። የሚኒባስ ዘር ሁሉ ይቀድመናል። ትናንት ጠዋት ኮተቤ ስንደርስ ቢጫዋ መብራት ብልጭ አለች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ስለነበር አላየኋትም። ለይኩን ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋና ክንዴን ነካ አደረገኝ።

«ጵርሴ» አለኝ፣ «ታማለች።»