ደህና ናት፣ ብቻ ነይ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የሥርጉትን ነገር ላውጋችሁ።

ሥርጉት ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር ቆማ፣ ጋሪው ከየት ተነስቶ የት እንደሚቆም ለባለጋሪው በእጇ ታሳየው ነበር። በሰው ፊልም ስታለቅስና ስትስቅ የኖረች ልጅ፣ ያን ቀን ራሷ ዳይሬክተር ሆና የመጀመሪያ ፊልሟን ልትጀምር ነው። ካሜራው የኪራይ ነው፤ ማታ ለባለቤቱ ይመለሳል። ካሜራማኑ ስመኘው ፈረሱ እንኳ ትወናው ሰለቸው እያለ ሲያሾፍባት ስልኳ ጠራ። አጎቷ ጌታሁን ነው፤ ከቡሬ ወዲህ ካለው ከትውልድ ቀዬዋ።

"እምዬ ደህና ናት?" አለች ሰላምታውን ሳትጨርስ።

"ደህና ናት። ብቻ ነይ።"

ከኋላው የሴቶች ልቅሶ ይሰማል። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ፤ ብትደውል ብትደውል እምቢ አለ።

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው የሞተበት "ደህና ነው፣ ብቻ ና" ተብሎ ይጠራል፤ ቀሪውን ሽማግሌ በማለዳ ደጁ ቆሞ ያረዳዋል። ሥርጉት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

መንገደኛው ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ሰርግ ያወራል። እሷ መስኮቱ ሥር ኩርምት ብላለች። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊልም አዲስ አበባ ስትተውን፣ ይኸው ጌታሁን "አባትሽ ደህና ነው፣ ብቻ ነይ" ብሏት ነበር። ያኔም ገብቷት ነበር። እንዳልገባት ሆና ቀረጻው ሲያልቅ እመጣለሁ አለችው። የመጀመሪያ ትወናዋ ያ ነው ማለት ይቻላል። አርባው ካለፈ በኋላ ደግሞ በምን ፊቷ ትሂድ? እንደወጣች ቀረች። አሁን ልታለቅስ ፈለገች፤ በካሜራ ፊት እንደ ልብ የሚወርደው እንባ አልመጣ አላት።

ከአስፋልቱ ወርዳ ማሳውን አቋርጣ ስትደርስ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። መሀል ላይ እናቷ ባንቺአየሁ ቆማ ጠላ ትቀዳለች።

ሥርጉት ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች እናቷ ፊት ሄዳ ቆመች።

"ምን ላድርግ?" አለች እናቷ፣ ማንቆርቆሪያውን ሳታስቀምጥ። "ከሰከላ ድረስ ስንቅ ተሸክመው መጡልኝ። ሞቴን ሰምተው የመጡትን በባዶ ሆዳቸው ልስደዳቸው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥርጉት አምና በተወነችበት ፊልም እናቷ የሞተችባት ልጅ ነበረች። አንዱ ያችን ልቅሶ ብቻ ቆርጦ በስልክ ለቀቃት፤ ሰከላ ያሉት ዘመዶች አዩዋት። ደውለው ቢጠይቁ ጌታሁን "ደህና ናት" አላቸው። ያኔ መሞቷን አረጋገጡ፤ ግቢው በልቅሷቸው ሲሞላ ነው እሱ ለሥርጉት የደወለው።

"እናቷን በቁሟ አልቅሳ የምትበላ ልጅ!" አለች አክስቷ አስካለ ማርያም፣ ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀልቶ። "ለመሆኑ የኔን እንባ ማን ይመልስልኛል?"

ባንቺአየሁ የልጇን ሥራ አይታ አታውቅም። እስቲ አሳዩኝ አለች። ከለቀስተኛው አንዱ ስልኩን ሰጣት። ሥርጉት ደረቷን እየደቃች ሙሾ ታወርዳለች፦

"ለበሬው አዝማሪ፣ ሞፈሩን ጠራቢ፣
ሌላውን አጥጋቢ፣ ለራሷ ተራቢ።"

እናቷ ደግማ አስከፈተችው። ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ቀና አለች።

"እኔ ሞፈር ጠርቤ አውቃለሁ?"

ሥርጉት ስልኩን ልታነሳ እጇን ዘረጋች፤ እናቷ ያዘቻት።

"ይኼ የኔ ልቅሶ አይደለም። የአባትሽ ነው፤ የዘሩ።"

"ዳይሬክተሩ የመጣልሽን በይ አለኝ፣ እምዬ። የመጣልኝ እሱ ነው።"

"ለማያውቀው ሰው ሁሉ አለቀስሽለት። እዚህ፣ እኔ ጋ፣ ቦታሽ ባዶ ነበር።"

 የሥርጉት ስልክ ጮኸ፤ ስመኘው ነው። ፀሐይዋ እየሄደች ነው፣ ካሜራው ከዛሬ ወዲያ አይገኝም፣ ትመጫለሽ ወይስ ልበትነው አላት። በዚያው ቅጽበት ከግሽ ዓባይ በኩል የዘገዩ ለቀስተኞች ወይኔ እያሉ ደጅ ደረሱ። አስካለ ማርያም ሬሳዋ ጠላ ትቀዳለች ብዬ ልመልሳቸው ብላ ተነሣች።

"ተቀመጪ እትዬ፣ እኔ እወጣለሁ" አለች ሥርጉት። ለስመኘው በትነው ብላ ስልኩን ዘጋችና ወጣች።

ደጅ የቆሙት አሮጊት እጇን ያዟት። "ልጄ፣ እውነት ነው? ባንቺአየሁ?"

"እናቴ ደህና ናት።"

አሮጊቷ ይህን ሲሰሙ ጭራሽ እሪ ሊሉ ሆነ። ሥርጉት እጃቸውን አልለቀቀችም።

"ልቅሶው የአባቴ ነው፣ እማማ፤ የዘሩ። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ይግቡ፣ አብረን እናልቅስ።"

እንግዲህ ልጆቼ፣ የዘገየ ለቀስተኛ ደጃችሁ ቢቆም፣ ይችን ልጅ አስቧትና ጠጋ ብላችሁ ቦታ ልቀቁለት።