እዚህ ግድግዳ ነበር

ወንድሜና ሚስቱ ሊለያዩ ሲወስኑ ቤቱን ሽማግሌ አካፈላቸው። ድረ ገጹ ግን እኔ ላይ ተጣለ። ሁለቱም አርክቴክቶች ናቸው። የጋራ ሥራቸውን የሚያሳየውን ገጽና ብሎጉን ድሮ የሠራሁላቸው እኔ ስለሆንኩ፣ አሁን ለሁለት ሰንጥቄ ለየራሳቸው አዲስ ገጽ እንዳዘጋጅ ተስማሙ። ውላቸው አጭር ነበር፤ ሁለቱም እሺ ያላሉት ሥራ በማናቸውም ገጽ ላይ አይወጣም።

አብዛኛው ክፍፍል በስልክ አለቀ። የቀረው ክሊኒኩ ነበር። ትንሽ የሕፃናት ክሊኒክ ነው፤ ያስወደደው የመጠበቂያ አዳራሹ ነው። በሩን ስትከፍት ከጓሮው ዛፍ ድረስ ዓይንህን የሚከለክለው ነገር የለም። የወንድሜ ሚስት ሥራ ያመለከተችበት ቢሮ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ገጿን ከፍቶ ሊያይ ነው። ክሊኒኩ ከሌለ የሚቀራት ሁለት ሱቅና አንድ ጋራዥ ብቻ ነው።

«ጋራዥ አይተው ሊቀጥሩኝ ነው?» አለችኝ ጠዋት ደውላ።

ስለዚህ ሁለቱንም ቢሮዬ ጠራኋቸው። ቢሮዬ ጠባብ ናት፤ ሦስተኛ ወንበር ስላልነበረ ወንድሜ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«ክሊኒኩ የኔ ነው ብለህ ንገራት» አለኝ፣ እሷ በክንድ ርቀት ተቀምጣ ሳለ።

«ዋርሳዬ፣ ጆሮ እንዳላት ንገርልኝ» አለች እሷም።

«እሺ፣ የሳልሽውን አንድ መስመር አሳዪኝ። አንድ!»

ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር። አሠራራቸውን አውቃለሁ። እሱ ይስላል፣ እሱ ሲነሳ እሷ ትቀመጥና ትሰርዛለች። ደረጃ ታነሳለች፣ ኮሪደር ታጠፋለች። እሱ ተመልሶ ያየውና ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ያየውና ዝም ይላል። ስምንት ዓመት የሠሩት እንዲህ ነው። ወንድሜ አልዋሸም፤ በክሊኒኩ ንድፍ ላይ ያለው መስመር ሁሉ የእሱ እጅ ነው። እሷም አልዋሸችም። ግን የሰረዙት ነገር በምን ፎቶ ይነሳል?

«መስመር የለኝም» አለች በመጨረሻ። «ዋርሳዬ፣ የላክሁልህን ክፈተው።»

ከፈትኩት። የአዳራሹ ፎቶ ነው። ከሥሩ ለብሎጓ የጻፈችው አጭር ጽሑፍ አለ፤ «እዚህ ግድግዳ ነበር። እናቶች ከወዲህ ተቀምጠው፣ ልጆቻቸው ከወዲያ ሲያለቅሱ ሊሰሙ ነበር። ግድግዳውን አነሳሁት።» ከዚያ በታች የወንድሜ ስም ሰፍሯል፤ ንድፉ የእሱ መሆኑን ጽፋለች።

ወንድሜ ከመስኮቱ ደፍ ዘሎ ወረደ።

«ይሄ ስም ማጥፋት ነው! እናትና ልጅ የማለያይ እኔ ነኝ?»

«ንድፉ የሱ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ሌላ ምን ልጻፍልህ?»

«ለዚህ ነዋ! ያየ ሁሉ ምን ይላል? ልብ የለውም ነው የሚለኝ!»

«እሱንስ ሳያዩም ይሉሃል።»

«ቀድሞ ነገር ግድግዳ የሚባል አልነበረም!» ወደ እኔ ዞረ። «ፈጠራ ነው። እሺ አላልኩም፤ አይወጣም፤ አለቀ።»

በውላቸው መሠረት በእርግጥም አልቆ ነበር። እጄን ከላፕቶፑ አነሳሁ። የወንድሜ ሚስት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። ፊቷ እሳት የጎረሰ ሰው ፊት ነው፤ ድምፅዋ ግን ዝግ ያለ ነበር።

«መቼም ግድግዳ ከተባለ ነው። ቀዳዳ እንኳ የሌለው፣ የእስር ቤት ግንብ።»

«መስኮት ነበረው!» አለ ወንድሜ። «ሁለት መስኮት! ደግሞ አንቺ ባትነኪውም ራሴ ላነሳው ነበር!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያለውን ከሁላችን በኋላ የሰማው እሱ ራሱ ነበር። የቢሮዬን መስኮት እንደ አዲስ ያየው ጀመር።

«ጋሼ፣» አልኩት፣ «የሌለ ግድግዳ መስኮት አያወጣም።»

«አንተ ዝም በል! የእናቴ ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ እንጂ። ባልሆን እስካሁን ደፍሬ አልናገርህም።»

የወንድሜ ሚስት አልሳቀችም። በሩ ጋ ቆማ ጠበቀች።

«ይውጣ» አለ በመጨረሻ፣ ቃሉን እንደ አጥንት እየተፋ። «ግን ስሜን አንሱልኝ። ከሷ ጋር አንድ ገጽ ላይ መታየት አልፈልግም።»

«አይነሳም» አለች። «መስመሩ የሱ ነው። የሰው ሥራ አልሰርቅም። ደግሞ ስሙ ከተነሳ ግድግዳውን ማን አቆመው ሊባል ነው?»

«ዓይንሽን አያሳየኝ!» አለና በሩን ወርውሮት ወጣ። የደረጃው ጩኸት እስኪርቅ ጠበቅሁና ገጹን ለቀቅሁት።

የወንድሜ ሚስት የእሱ ቦታ ላይ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች። አላመሰገነችኝም። ስልኳን አውጥታ ገጿን ከፈተችና ግንባሯን ቋጠረች።

«ፎቶው ሲከፈት ይንቀራፈፋል» አለችኝ። «አሳንሰው። በስልክ ሊያዩትም ይችላሉ።»