የጋሽ መጠባበቂያ የጡረታ ዝግጅት

ሰውየው የአውቶቡስ መለዋወጫ ግምጃ ቤት ሲጠብቅ ነው ያረጀው። አንድ እምነት ነበረው፤ ዕቃ ሳይበላሽ ምትኩ መደርደሪያ ላይ መገኘት አለበት። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጋሽ መጠባበቂያ» ይለዋል፣ እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎት ቁጭ።

ጡረታው ሲቃረብ ግን ጭንቅ ያዘው። ከወጣ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሕክምናውን አይሸፍንለትም፤ የጡረታ አበሉ ደግሞ አስፕሪን ገዝቶ ውሃውን ከቤትህ ጠጣ የሚል ነው። ታሞ የሰው እጅ ማየትን ከሞት ይልቅ ይፈራል። ስለዚህ ገና ደመወዝ ላይ እያለ ለሚመጣው በሽታ ሁሉ መለዋወጫ ማከማቸት ጀመረ።

ለአሁኑ ዓይኑ፣ ለከርሞው ዓይኑና ጨርሶ ለሚደክመው ዓይኑ መነጽር አሠራ። በቁመቱ ልክ ክራንች ገዛ፣ ቁመቱ ደግሞ የበር ጉበን የሚነካ ነው። ሰፊ ተሽከርካሪ ወንበር አምጥቶ ሳሎን ገተረ። እንግዳ ሲመጣ እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ ፍሬኑን ከረሳ ጨዋታ መሃል ወደ መኝታ ቤት ይንሸራተታል። ይሄ አልበቃ ብሎት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራልኝ አለ። ሐኪሙ አፉን ቢያይ አንድም የጎደለ የለም፤ ሲረግፉ ይምጡ ብሎ ሊሸኘው ሞከረ።

«ያኔማ ማን ይከፍልልኛል?» አለው ጋሽ መጠባበቂያ፣ ቆጣ ብሎ።

ሚስቱ የስፖርት መምህርት ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ጉንፋን እንኳ የማይደፍራት። አንቺስ ምን ያስፈልግሻል ብሎ ጠይቋት አያውቅም። እሷ ብረት ናት ይላል ለጠየቀው ሁሉ። እሷም በዕቃው መሃል እየተሽሎከለከች ኖረች።

አንድ ቀን ለተማሪዎቿ ርዝመት ዝላይ ስታሳይ አጉል አረፈችና እግሯ ተሰበረ። ጋሽ መጠባበቂያ ሲደወልለት ክው አለ። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ከድንጋጤው ሥር ግን ቅንጣት ደስታ አልጠፋችም፤ በመጨረሻ ዕቃው ሥራ ሊያገኝ ነው።

እግሯ በጀሶ ታስሮ ቤት ስትገባ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። ወንበሩ ዋጣት፤ ከውጭ የሚታየው ጭንቅላቷና ጀሶው ብቻ ሆነ። ክራንቹን ቢያስይዛት እንደተሰጣ ልብስ ተንጠለጠለች፣ ደህናው እግሯም መሬት አልነካ አለ። ላብ አጠመቀው። ሌላ ቢያጣ አንዱን መነጽር ይዞላት መጣ።

መነጽሩን አየችው፣ እሱንም አየችው።

«ይሄ ሁሉ ሲገዛ እኔ የት ነበርኩ?» አለችው።

ውሸት ቢፈልግ አልመጣለት አለ።

«አስታማሚዬ ነበርሽ» አላት።

ትሰድበኛለች ብሎ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ሻይ ጠማኝ ብቻ አለች። ወደ ማድ ቤት ገባ። በግምጃ ቤቱ ብሎን ሁሉ መሃል የፈለገውን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያወጣ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ስኳር አጣ። አንዱን ቆርቆሮ ይከፍታል፣ ሌላውን ይዘጋል። መሃል ላይ እጁን አጣምሮ ቆመና ፍርሃት መጣበት፤ ለይሄኛው ፍርሃት መለዋወጫ ከመድኃኒት ቤት አይገዛም። ባዶ እጁን ተመለሰ።

«አንድ ነገር ብትሆኚብኝ እኮ፣ እኔ ስኳር የት እንዳለ እንኳ አላውቅም» አላት።

«ላይኛው መደርደሪያ፣ ከሩዙ ኋላ» አለችው።

ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ፉት አለችና ፊቷ ጭምድድ አለ። ከሩዙ ኋላ ጨውም ነበር። ሳትስቅ፣ ሳትቆጣ ብርጭቆውን መለሰችለትና ዘሎ ለወደቀ ተማሪ በምትጠቀምበት ድምፅ ተናገረች።

«እንደገና ሥራው፤ ጊዜ አለን።»