የሳሎኑ ባሕር

ጡረታ የወጡት ሰዓት ሠሪ «ሳሎናቸው ውስጥ ባሕር ያረባሉ» እየተባለ ሰፈሩ ይቀልድባቸዋል። ስማቸው ተረስቶ «አባ ባሕር» ሆነው ቀርተዋል። ባሕሩ ከግድግዳ ግድግዳ የደረሰ የመስታወት ገንዳ ነው፤ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሁለት ዓሣዎችና እንደ አበባ የሚፈኩ ኮራሎች ይኖሩበታል። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ነፍስ አለው፤ አጥንቱን የሚሠራው ከውሃው ካልሲየም እየመጠጠ ነው። ካልሲየሙ ብቻውን ግን አይበቃም። አልካሊኒቲ የሚሉት፣ ውሃው እንዳይኮመጥጥ የሚጠብቀው ነገርም አብሮ መመጣጠን አለበት።

አባ ባሕር ከገንዳው በቀዱት ውሃ ላይ መለኪያ ፈሳሽ እያንጠባጠቡ፣ ቀለሙ እስኪዞር ጠብታውን እየቆጠሩ ይህን ሚዛን ለዓመታት ጠብቀውታል። ዘንድሮ ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለማንም አልተናገሩም፤ መለካቱን ትተው ሁለቱን ማሟያ ፈሳሾች ከየጠርሙሳቸው በግምት ማፍሰስ ያዙ። አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው ፀጉር ሠሪ ናት፤ ከቀለም ጋር ስትታገል የምትውል ስለሆነች የኮራሎቹ መገርጣት አላመለጣትም።

«አባዬ፣ ጠብታውን እኔ ልያዝልዎት?» አለቻቸው።

«ይሄ የፀጉር ቀለም መሰለሽ?» ብለው ኩም አደረጓት።

ቅር ብሏት ወደ ሥራዋ ሄደች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ገንዳው ወተት የተደፋበት ይመስላል። አማቷ ወንበራቸው ላይ ኩርምት ብለዋል። የካልሲየሙ ጠርሙስ ከእጃቸው አምልጦ ግማሹ ሲፈስ፣ ደንግጠው ለማመጣጠን የአልካሊኒቲውን ደረቡበት፤ ሁለቱ ተገናኝተው ውሃውን ኖራ አስመሰሉት።

«ገደልኳቸው ልጄ» አሉ። «ስንቱን ደቃቅ የሰዓት ጥርስ ሲገጥም የኖረ እጅ... እይው እስቲ።»

«ነግሬዎት ነበር» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ቦርሳዋን ጣል አድርጋ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች፤ እንደ ወፍ ጫጩት ይርገበገባል።

«በሉ እንለካ። እኔ ላንጠባጥብ፣ እርስዎ ቀለሙን ይዩ።»

«ጨምሪ... ጨምሪ... በቃ፣ ዞረ!» አሉ። ገና በጥቂት ጠብታ ነበር የዞረው፤ አልካሊኒቲው አሽቆልቁሏል ማለት ነው።

«ታዲያ አሁኑኑ እንሙላው?»

«የለም፣ ባንዴ ከፍ ካለ ያቃጥላቸዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እስኪሄድ እኔ አረጃለሁ እኮ አባዬ!»

ሳያስቡት ሳቁ።

ከውሃው ከፊሉን ቀየሩ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን፣ ጥቂት ጥቂት እየለኩ ይጨምሩ ጀመር። ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የነበሩት ኮራሎች አልተረፉም። ነጭ አጥንታቸውን ስታወጣ አባ ባሕር ፊታቸውን አዞሩ።

አንድ ጠዋት ግን፣ «ኧረ ነይ! ነይልኝ ቶሎ!» ብለው ተጣሩ። ማበጠሪያዋን ፀጉሯ ላይ እንደሰካች ሮጠች። ትልቁ ኮራል ጣቶቹን ዘርግቶ በውሃው ይወዛወዛል። ጎን ለጎን ቆመው አዩት።

«ካልቸኮልሽ...» አሉ አባ ባሕር፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳይነቅሉ። «የሸሚዜ ቁልፎች እምቢ ብለውኛል።»

ረፍዶባት ነበር። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ቆለፈችላቸው።