ሃያ ሦስት ገጽ፣ አርባ ሰከንድ

ዲስኩን የሰጠኝ ኦፊር ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት የሚሰበሰበውን የአኒሜ ክበብ የሚመራው እሱ ነው።

«የአኒሜው ስድስተኛ ክፍል ደረሰ፤ የክበቡ ልጆች በዕብራይስጥ ተርጉመውታል። አይተሽ ሦስት ደቂቃ ትናገሪያለሽ። ከእኛ ውስጥ ታሪኩ የተወሰደበትን መጽሐፍ ያነበብሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ያላ፣ እንዳታሳፍሪኝ» አለኝ።

በሰው ፊት መናገር አልወድም። በዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ውስጥ እጄን ያወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚያ መጽሐፍ ግን እምቢ ማለት አቃተኝ።

ቤት ገብቼ ብቻዬን አየሁት። ሲያልቅ ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ። የነካሁት ነገር አልነበረም።

መጽሐፉ «የመሻገሪያው ሽማግሌ» ይባላል፤ የጃፓን ማንጋ ነው። ጎሄይ የሚባል ሽማግሌ በጀልባው ሰው እያሻገረ ይኖራል። አንድ ልጁ ሳኪቺ ጦር ሜዳ ነው። አምስተኛው ቅጽ ላይ ሳኪቺ ይሞታል። መንደሩ ሲሰማ አባትየው አልሰማም፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉም ማንም አይነግረውም። የዓሣ አጥማጁ ሚስት ያልተለመነችውን ዓሣ አጽድታ ታመጣለታለች። አናጺው ሳይጠሩት መጥቶ የጀልባውን ጠርዝ ይጠግናል። በዘጠነኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌዎች የታጠበ ልብስ ለብሰው ይመጡና ቁርሱን እስኪጨርስ ደጅ ላይ ይጠብቁታል። ሃያ ሦስት ገጽ ነው፤ አንድም ቃል አልተጻፈበትም።

ይህን መጽሐፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ እዚህ እስራኤል ማርሞሬክ በሚባለው ሰፈር ባለችው ትንሿ ግቢያችን፣ ሼሴክ የሚባል ቢጫ ፍሬ ከሚያፈራው ዛፍ ሥር፣ ለአባቴ አነብላቸው ነበር። አጀማመሩ በአጋጣሚ ነው። አንድ ሰንበት ለብቻዬ ሳነብ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው «ይቺ ታንኳ ናት?» አሉኝ። አባቴ የደምቢያ ሰው ናቸው፤ ታንኳ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለስኩ ማንበብ፣ እሳቸው ሥዕሉን በጣታቸው እየተከተሉ ማየት ሆነ ሥራችን።

ሃያ ሦስቱ ገጾች ላይ ስንደርስ የምተረጉመው ነገር አልነበረም። ዝም ብዬ ገጽ እገልጣለሁ። የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ይሄኛው በገመዱ ከሽማግሌው የተጣላው አይደለም?»

«እሱ ነው፣ አባ።»

«ዛሬ እጅ ነሣው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሰውዬው አወቀ። ጠላትህ እጅ ከነሣህ ቤትህ ሞት ገብቷል ማለት ነው።» ቀጥለው ሽማግሌዎቹን ሲያዩ ደነገጡ። «ሳይበላ እንዳይነግሩት!»

«አይነግሩትም። ይኸው፣ ይጠብቁታል።»

«ተመስገን። ፈረንጆች ናቸው?»

«ጃፓኖች ናቸው።»

«የሆኑትን ይሁኑ፤ ወግ ያውቃሉ።»

እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ፤ መርዶ ሌላ ነገር ያስታውሰኛል። አሥር ዓመቴ ነበር። ስልክ ተደወለ፤ አባቴ አነሡ፤ የሚነገረው ዕብራይስጥ ስለነበር ለእኔ አቀበሉኝ። ከአንድ መሥሪያ ቤት የደወለች ሴት ነበረች። ጎንደር ሆኖ ወደዚህ ለመምጣት ተራውን የሚጠብቀው የአባቴ ወንድም፣ አጎቴ መኩሪያ፣ መሞቱን ነገረችኝና «አባትሽ ካልገባቸው አንቺ ንገሪያቸው» አለችኝ። ዞር አልኩና ነገርኳቸው። «አጎቴ መኩሪያ ሞቷል አሉ።» እንዲሁ፣ ቆሜ። አባቴ ብርቱካን እየላጡ ነበር። ብርቱካኑን አስቀምጠው ስልኩን ከእጄ ተቀበሉ፤ ያኔ የሚያውቋቸውን ሁለት ቃላት ለሴትዮዋ ተናገሩ፤ «ቤሰደር። ቶዳ።» እሺ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ከዚያ ሰፈሩ ተሰበሰበ፣ ተለቀሰ። በእኔና በእሳቸው መካከል ግን ያቺ ሰዓት ተነሥታ አታውቅም። የምናወራው ስለ አውቶቡስና ስለ ፈተና ነበር፤ ታንኳዋ እስክትመጣ ድረስ።

አሁን አኒሜውን ላንሣ።

ዘጠኙን ቀን አውጥተው ጥለውታል። በምትኩ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ አንድ ትንሽ ልጅ ፈጥረዋል። ልጁ በዝናብ እየሮጠ ይመጣል፤ ጭቃ ላይ ይወድቃል፤ «ሳኪቺ ሞቷል! ሳኪቺ ሞቷል!» ብሎ ይጮኻል። ጎሄይ ተንበርክኮ ወደ ሰማይ ያጓራል፤ እንባው እንደ ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ወፍሮ ይወርዳል፤ ቫዮሊኑ ያለቅሳል። አርባ ሰከንድ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ጀልባው ላይ ደግሞ የምታወራ ወፍራም ዳክዬ ጨምረዋል፤ ሰው እንዳይከፋው ይመስላል፤ ከለቅሶው አፍታ ሳይቆይ ትሰናከልና ውሃ ውስጥ ትገባለች። የአናጺውን ልጅም አልማሯትም። መጽሐፉ ላይ እንጨት ተሸክማ የምታልፍ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። እዚህ ዝናቡ ቀሚሷን ከገላዋ አጣብቆት ካሜራው ደረቷ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሰው ሞቷል እየተባለ ደረቷ ላይ!

ያቅለሸለሸኝ ይኼ ሁሉ ነው። ያስፈራኝ ግን ልጁ ነው። አባቴ ይህን ልጅ ቢያዩት እኔን ያያሉ ብዬ ፈራሁ። ያኔ ቅዳሜያችን ያበቃል፤ መጽሐፉን በገለጥኩ ቁጥር በመካከላችን ያቺ ስልክ ትቀመጣለች። ስለዚህ እንዳያዩት ወሰንኩ።

ሰኞ ማታ ከሥራ ሲገቡ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር። አባቴ በአንድ ሱፐርማርኬት በር ላይ ሽሚራ፣ ጥበቃ ናቸው፤ የሚገባውን ሰው ቦርሳ ከፍተው ያያሉ። ኦፊር የክበቡን ማስታወቂያ እዚያው በር ላይ ለጥፎታል። ጽሑፉን ማንበብ አይችሉም፤ የሽማግሌውን ፊት ግን ከሥዕሉ ለዩት፤ ቀኑንም ሰው ጠይቀው ሰሙ።

«ሽማግሌው ፊልም ሆነ አሉ! ነገ ነው። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጥሩ አይደለም፣ አባ። አበላሽተውታል።»

«ቢያበላሹትስ? ታንኳዋ ስትሄድ አያለሁ።»

«ሥራ አለብዎት።»

«የሥራ ጓደኛዬን ኒቭን በፈረቃ ለውጠኝ ብዬዋለሁ፤ ቤሰደር ብሏል።»

እናቴ ከወጥ ቤት ሆና «አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ? አባትሽ ሲኒማ አያውቁ፣ ጭፈራ አያውቁ፤ ይሂዱ እንጂ» አለችኝ።

ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባቴ ከነጥበቃ ሸሚዛቸው መጡና ከኋላ ተቀመጡ። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ነበሩ። መብራቱ ጠፋ። ታንኳዋ ስትታይ አባቴ በወንበራቸው ወደ ፊት ሲሳቡ ሰማኋቸው። ከዚያ ልጁ ሮጠ፤ ወደቀ፤ ጮኸ። ዘወር ብዬ ማየት አልቻልኩም። ዳክዬዋ ውሃ ውስጥ ስትገባ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ቀሚሱ ላይ አንዱ አፏጨ።

መብራቱ ሲበራ ኦፊር ጠራኝ። በሁለት ገጽ የጻፍኩትን ይዤ ቆምኩ፤ ፊደሎቹ ተደባለቁብኝ።

«መጽሐፉ ላይ ሃያ ሦስት ገጽ ነው» አልኩ። «እዚህ አርባ ሰከንድ ሆኗል። ልጁ መጽሐፉ ላይ የለም። ያስጠላል።» ሌላ አልወጣኝም።

«ነሽማ ሼሊ፣ ነፍሴ፣ አኒሜ እኮ ነው፤ ለቅሶ ቤት መሰለሽ?» አለች ኢንባል፤ ተሳቀ። አብራኝ በአውቶቡስ የምትሄድ ልጅ ናት፤ ክፋት የላትም። ጉንጬ ጋለ። ልቀመጥ ስል ከኋላ ወንበር ተንቀሳቀሰ። አባቴ ተነሥተው ቆመዋል።

«ጥያቄ አለኝ» አሉ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጡ፣ በዕብራይስጥ። «ልጁን ማን ላከው?»

ኦፊር ግራ ገባው። «ማንም አልላከውም፣ አቶ አዳሙ። ሰማና ሮጦ መጣ።»

«አይሆንም። እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ልጅ በራሱ አይመጣም፤ ትልቅ ሰው ነው የሚልከው። መንደር ሙሉ ትልቅ ሰው አለ፤ ሁሉም ቤቱ ተቀምጦ ልጅ ይልካል? ተጸየፍኳቸው።» ይህን ብለው ኮፍያቸውን አደረጉና ወጡ። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ደረስኩባቸው። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

«አባ፣ ልጁ እኮ መጽሐፉ ላይ የለም» አልኩ።

«አውቃለሁ። አብረን አይደል ያየነው?» ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። «ስልኩን ያቀበልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አባ…»

«ሴትዮዋ ስሙን ስትጠራ ሰማኋት፤ መኩሪያ ስትል። ድምፅዋን ስሰማው ገባኝ። ጎረቤት መጥራት ነበረብኝ። አዝማድ ነበረ፣ ሽማግሌ ነበረ። እኔ ግን ቸኮልኩና ስልኩን ላንቺ ሰጠሁ። ለአሥር ዓመት ልጅ! ዛሬ እዚያ ጨለማ ውስጥ ያየሁት ልጁን አይደለም፤ ቤቱ የተቀመጠውን ትልቅ ሰው ነው።»

አውቶቡሱ መጣና ተሳፈርን። ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄደን ማርሞሬክ ወረድን። ግቢው በር ላይ «ያ ዲስክ ካንቺ ዘንድ ነው?» አሉኝ።

«ከኔ ጋር ነው። ቅጂ ነው፤ ኦፊር ሌላ አለው።»

«አምጪልኝ።»

በበነጋው ከትምህርት ስመለስ ሼሴኩ ዛፍ ላይ በክር ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ፍሬው ቢጫ እየሆነ ነበርና ወፎች ይጨርሱት ይዘዋል፤ በየጓሮው ወፍ ለማባረር ዲስክ ይሰቀላል። የኛም እንደ ሌላው ሰው ዲስክ በነፋስ እየዞረ ያብለጨልጭ ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አባቴ ወንበራቸውን ከዛፉ ሥር አወጡ። አምስተኛውን ቅጽ ይዤ ወጣሁ። አንብበን ጨርሰነዋል፤ ስድስተኛው ቅጽ ገና አልመጣም።

«ከየት እንጀምር?» አልኩ።

«ሰውየው እጅ ከሚነሣበት። ቀስ እያልሽ ግለጭ።»

የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። ከራሳችን በላይ አንዲት ወፍ መጥታ ከዲስኩ ጎን አረፈችና ፍሬውን ትበሳ ጀመር። ዲስኩ ዞረ፣ አብለጨለጨ፤ ወፊቱ ቀና ብላም አላየችው።

አባቴ አንጋጠው አዩ። «ለዚህም አልሆነ» አሉና ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ።