የጭቃ እርሾ

ቤቱ ይፈርሳል የተባለ ዕለት ታንጉ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ቤቱ አልነበረም፤ ስለ ምራቷ ሆድ ነበር። ዘመኑ ሰባ ስምንት ነው፣ ዳግማይ ትንሣኤ ገና ማለፉ ነው። ምራቷ ውባለም እርጉዝ ናት፤ ቢቆጠር ቢቆጠር መውለጃዋ ሐምሌ ላይ ይወድቃል። ሐምሌ ደግሞ እስቴ ላይ ሰማዩ ወደ ምድር የሚወርድበት ወር ነው። ከወሩ ሁሉ ተመርጦ ሐምሌ!

ከአውራጃ የመጣው ወጣት በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ እንዳስታወቀው፣ በየሸንተረሩና በየጉብታው ተበትኖ የሚኖረው ሰው ሁሉ ሰኔ ሳይገባ ቤቱን አፍርሶ ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ሜዳ ላይ በመስመር ይሠራል። ወፍጮ ይተከላል፣ የቧንቧ ውሃ ይገባል ተባለ። ታንጉ ይህን አልጠላችም። እሷ ራሷ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ ስሟን የምትጽፍ፣ ዳዊትም በመጠኑ የምትሞክር ሴት ናት። ዕድሜዋን በድንጋይ ወፍጮ ላይ አጎንብሳ የፈጀች ሴት የሞተር ወፍጮ እንዴት ትጠላለች? ብቻ በሆዷ፣ እሱ ሁሉ እስኪደርስ ክረምቱ ይደርሳል፣ ልጁም ይደርሳል አለች።

ከስብሰባው ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቆመችና ቤቷን እንደ እንግዳ ሰው አየችው። ክብ ነው። ክዳኑ ከዕድሜ ብዛት ጠቁሮ የጉና ተራራን ደመና መስሏል፤ ጫፉ ላይ አፉ የተሸረፈ ገንቦ ተደፍቶበታል። የሠራው ሟቹ ባሏ አያ ካሴ ነው፤ እሷ ሙሽራ ሆና በመጣች በዓመቱ።

የአያ ካሴ እንጨት አቆራረጥ ለብቻው ነበር። ወይራ ሊቆርጥ ገደሉ አፋፍ ሲወርድ፣ መጥረቢያውን ከማንሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የዛፉን ሥር ይፈልጋል። የበቀለ ችግኝ ካላየ «ይሄ ገና አልወለደም» ብሎ ያልፈዋል። ወንድሞቹ፣ አንተ ቤት ልትሠራ ነው ወይስ ዛፍ ልትድር እያሉ ያሾፉበት ነበር። እሱ ምን ቸገረው፣ ሌላ ፍለጋ ይሄዳል። ቤቱ ዓመት የፈጀው ለዚህ ነው፤ አፋፉም ላይ ወይራ ያልጠፋው ለዚህ ነው። የክዳኑን ሣር፣ ጓሳውን፣ ዘሩን እስኪጥል ጠብቀው ከጉና እግር አጭደው በአህያ አመጡት። ማገሩን በልጥ አሰሩት። አንድ ምስማር አልገባበትም።

ጭቃው ግን የታንጉ ነበር። እናቷ ስትድራት ከእቃዋ ጋር በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አሲዛታለች። የባሏ ወንድሞች ምን ጉድ ነው ብለው ቢፈቱት፣ ከትውልድ ቤቷ ግድግዳ የተፈነቀለ የደረቀ ጭቃ ሆኖ ተገኘ። ሠርገኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛ አገር አፈር የለም ብለዋት ነው ወይ ተባለች። እሷ አላፈረችም፤ በእናቷ ወገን ደንቡ ነው። ሊጥ እርሾ እንዳለው ጭቃም እርሾ አለው። አሮጌው ጓል በውሃ ይሟሟል፤ ከቀይ አፈርና ከጤፍ ጭድ ጋር ጉድጓድ ገብቶ ይሸፈናል፣ በየጊዜው ይረገጣል። እያደር ይሸታል፣ ይጠቁራል፣ ኋላ እንደ ሊጥ ይሳባል። ያን ጊዜ ሲመረግ አይሰነጠቅም። እነዚያው የሳቁት ወንድሞቹ የየራሳቸውን ቤት ሲሠሩ፣ እትዬ ታንጉ እስቲ ከጭቃሽ ቆንጥሪልን እያሉ መጡ።

እንግዲህ ያ ቤት እንዲህ ያለ ቤት ነበር። ውጭው ሲያቃጥል ውስጡ ጥላ፣ ውጭው ሲያንዘፈዝፍ ውስጡ ብብት። የምድጃው ጭስ ወደ ላይ እየወጣ ሣሩን ያጥነዋል፤ ነቀዝ አይደፍረውም። አንድ ልጇ፣ የውባለም ባል አለባቸው፣ የተወለደው እዚያ ነው፣ አያ ካሴም ያረፈው እዚያ ነው። ታንጉ ሁለቱንም ቀን ስታስታውስ የሚመጣባት የግድግዳው ሙቀት ነው፤ ልጅ ስትወልድም፣ ባል ስትቀብርም ጀርባዋን ያስደገፈችው እሱ ላይ ነበር።

አለባቸው ትእዛዙን እንደሰማ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወርዶ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ቤቶቹ እንዲህ ተጠጋግተው የሣር ክዳን አያዋጣም፣ የአንዱ እሳት ለሁሉ ነው አለ። በዚህ ልክ ነበር፤ ታንጉም ያንኑ እሳት ስታስብ ዓይኗ አልከደን ብሎ የሰነበተች ናትና አልተከራከረችውም። የወይራዎቹን ቋሚዎች ነቅለን እንውሰድ ስትለው፣ እሱንማ ማን ይተዋል ብሎ ተሸከማቸው። ጓሳውን አትጣሉብኝ ስትልም፣ ምን እንደሚሠራላት ባይገባውም አስሮ አወረደላት። ገንቦውን ራሷ ተሸከመችው።

ቀረ ጭቃው። ጭቃው ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ የለም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ይግዛው በየቀኑ በመስመሩ ላይ እየተመላለሰ፣ የዘገየ ሰው ስሙ በስብሰባ ይጠራል ይላል። ለነገሩ ይግዛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱንም ከላይ የሚጠራው አለ። ግን የወንድ ልጅ ስም አንዴ ከተጠራ፣ ነገ ለብሔራዊ ውትድርና ሰው አምጡ ሲባል ያ ስም ቀድሞ ከአፍ አይወጣም? ታንጉ ይህን አሰበችና አፏን ያዘች። አለባቸውና ደቦ የመጡለት ሰዎች እዚያው ሜዳው ላይ ጥቁሩን ዋልካ አፈር ቆፍረው፣ በውሃ ለውሰው፣ ጭድ ነስነስ አድርገው በዚያው ቀን መረጉት። ቤቱ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ቆርቆሮው እያብለጨለጨ፣ ከሁሉ ቀድሞ ቆመ። ይግዛውም በስብሰባ አመሰገነው። ታንጉ ልጇ ሲመሰገን ደስ አላት፤ ቤቱን ስታየው ግን ዓይኗ ከግድግዳው አልተነሳም።

ሰኔ ገባ። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ግድግዳው መጀመሪያ እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ፤ ቀጥሎ በቁና በቁናው እየተገመሰ ወደቀ። አለባቸው ደግሞ መረገው፤ ደግሞ ወደቀ። ቆርቆሮው ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ንጋት ላይ ያልበዋል፤ ላቡም የሚንጠባጠበው ውባለም መደብ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣማ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ ባልና ሚስት በምልክት ነው የሚነጋገሩት። ውባለም ማሳል ጀመረች። ታንጉ በየስንጥቁ ጨርቅ ስትወትፍ ትውላለች፤ አንዱን ስትደፍን ሌላው ይከፈታል።

ውባለም ሳቋን ይዛ፣ «እምዬ፣ ነጠላዎን ሁሉ ግድግዳው ለበሰው እኮ። እርስዎ ምን ሊለብሱ ነው?» አለቻት።

ታንጉ ሳቅ አልመጣላትም። በዚህ ቤት ውስጥ አራስ ልትተኛ ነው። ጨቅላ እዚህ ነፋስ መሐል! ነጠላዋን ከስንጥቁ መዘዘችና ዶማ አንስታ ወጣች።

ሽቅብ ወደ ድሮው ቤቷ ስትደርስ ግድግዳውን ያለ ክዳን፣ ያለ ቋሚ፣ እዚህም እዚያም ቆሞ አገኘችው። የውጭው ፊት በዝናብ እየሟሟ ወደ ማሳው ይፈስሳል። ሌላ ዶፍ ቢመጣ፣ ሌላ ሳምንት ብትዘገይ ኖሮ ለቁንጣሪም አይተርፍም ነበር። በምድጃው በኩል ያለው ወገን ግን ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ እንደ ድንጋይ ነው። ዶማዋን አነሳችና መልሳ አወረደችው። ያን ጭቃ ሙሽራ ሆና በመጣች በዓመቱ በመዳፏ የለሰነችው እሷ ናት። ጣቶቿ ያለፉበት መስመር አሁንም ይታያል፤ ቀጭን የሙሽራ ጣት።

ከኋላዋ ጎረቤቷ ታደለች ሳር ልታጭድ መጥታ ኖሯል። «ሰው የሰው ቤት ሲሰርቅ አይቻለሁ፤ የራሱን ቤት ሲሰርቅ ግን ያየሁት አንቺን ነው» አለች።

«ነይ አግዢኝ እንግዲያ፤ ሌባ ብቻውን አያምርም» አለች ታንጉ። ታደለችም ማጭዷን ጥላ አህያዋን አመጣች።

ጓሉን በስልቻ ጭነው ሲወርዱ አለባቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የወደቀውን ግድግዳ ያያል። ስልቻውን ሲያይ ተነሳ። ምን እንደሆነ ጠየቀ፣ ነገረችው።

«እማ፣ ይሄን እያወቅሽ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ።»

«ማንን?»

«ማንን እፈራለሁ፣ ላንተ ነው እንጂ። ስምህ እንዳይጠራ ነው።»

አለባቸው ስልቻውን ከአህያው አወረደና ዶማ ይዞ ወደ ቀዩ አፈር ወጣ። የሐዋርያት ጾም የተያዘ ዕለት ጓሉን አሟሙተው ጉድጓድ አስገቡት። ታንጉ ጠዋት ማታ ሄዳ ክዳኑን ገልጣ ታሸታለች፤ ልጁም መጣ መጣ ይላል፣ ጭቃውም ገና ነው። ውባለም ወገቤን ባለች ቁጥር ልቧ ይንጠለጠላል። ታደለች፣ ጭቃውም እንደ ምእመን ይጹም እንጂ ምን ያስቸኩላል እያለች ትቀልዳለች። እውነትም ጾሙ ሲፈታ ጭቃው ደረሰ፤ ጠቁሮ፣ ተስቦ፣ ሽታው የበረት ሽታ ሆኖ። ዋልካው ተጠራርጎ ወጣ። የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ዝናብ ባባራ ጊዜ በውጭ፣ ባላባራ ጊዜ በውስጥ መረጉት።

የቀረው የቆርቆሮው ነገር ነበር። ስለ እሱ ታንጉ ምንም አላለችም፤ ያነሳው ራሱ አለባቸው ነው። ጥግ ላይ የተከመረውን አሮጌ ጓሳ ሲያይ ቆይቶ፣ «ከቆርቆሮው ሥር በማገሩ ላይ ብንደረድረውስ?» አለ። ቆርቆሮው ከላይ ዝናቡንና የጎረቤትን ፍንጣሪ ይመክታል፣ ሣሩ ከታች ሙቀቱን ይይዛል፣ ላቡንም ይጠጣዋል። ታንጉ ወደ ሌላ ዞረች፤ ዓይኗ እንዳይታይባት ነው። አነጋገሩ ያባቱ ነበር፣ ጎንበስ ብሎ ሥር ሥሩን የሚያየው ያባቱ። ግን እሳትህን ዝቅ አድርገህ አንድድ ማለቱን አልረሳችም፤ እስኪሰለቸው አለችው።

ውባለም በሐምሌ መጨረሻ ወለደች። ያን ዕለት በረዶ ወርዶ ሜዳው ነጭ ሆነ። ከቆርቆሮው ላይ የሚመጣው ድምፅ በጓሳው ታፍኖ፣ ሩቅ አገር እንደሚወቃ እህል ያህል ነበር። ታንጉ ሕፃኗን አቅፋ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ሞቀ። ስሟን ባንቺዓለም አሏት።

ያ ግድግዳ አንድም ክረምት አልከዳቸውም። ወፍጮው አልመጣም፤ የቧንቧው ውሃም እንዲሁ። ባንቺዓለም አራት ዓመት ሲሆናት ነገሩ ተለወጠና፣ የፈለገ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለስ ተባለ። አለባቸው ትንሽ አመነታ፤ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ ሰውም ለምዶታል። ታንጉ ነይ ብላ የልጅ ልጇን ይዛ በመስቀል ሰሞን ሽቅብ ወጣች። እሱም ተከተላቸው።

የድሮው ቤት ቦታ ታርሶ ገብስ ተዘርቶበታል። ማሳው ውስጥ አንድ ክብ አለ፤ ከሌላው ገብስ የረዘመ፣ የጠቆረ፣ ዛላው የተንዠረገገ። ልክ የግድግዳው ዙሪያ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ማረሻ አንድ ምስማር አልነካም፣ በሬ የሚወጋ ስባሪ አልወጣም። ያ ሁሉ ዘመን ሰው ያኖረ ቤት ለማሳው የተወለት ገብስ ብቻ ነው። አለባቸው ዛላውን በመዳፉ ፈልፍሎ ቀመሰና፣ እንግዲህ አጨዳው እስኪያልቅ ነው አለ። ሌላ ንግግር አላስፈለገም።

አጨዳው ሲያልቅ ወይራዎቹ እንደገና ተነቀሉ፤ አንዱም አልነቀዘም። ቆርቆሮውንም አለባቸው ይዞት ወጣ፤ ለበረቱ ይሆናል አለ። ታንጉ ከመስመሩ ቤት ግድግዳ፣ ከምድጃው በኩል፣ አንድ ጓል ፈነቀለችና በቅጠል ጠቅልላ ለባንቺዓለም አስያዘቻት። ከዚያ መንገድ ለመንገድ ስትጨነቅ ወጣች፤ አትሩጪ፣ ድንጋዩን እዪ፣ በሁለት እጅሽ ያዢው። ልጅቱ በሁለት እጇ እንደያዘችው ለጭቃው የተቆፈረው አዲስ ጉድጓድ አጠገብ ደርሳ ወደቀች። ጓሉ ተፈረካከሰ።

ታንጉ ሮጣ መጀመሪያ የልጅቱን ጉልበት፣ ቀጥሎ ግንባሯን፣ ቀጥሎ መዳፏን አየች። ደም የለም። ባንቺዓለም ግን ስብርባሪውን እያየች ታለቅሳለች፤ አደራ የበላች መስሏታል።

«ዝም በይ የኔ እናት። እርሾ ተሰበረ ተብሎ አይለቀስም፤ ድሮም ለመሟሟት ነው» አለቻትና ስብርባሪውን ለቅማ በቅል ውሃ ውስጥ ጨመረችው።

ልጅቱ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ቅሉን አጎንብሳ አየች። ውሃው እየደፈረሰ፣ አንዳንድ አሮጌ ጭድ ወደ ላይ እየተንሳፈፈ ነው።

«አያቴ፣ ቤታችን ይሄ ነው?»

«ገና ነው» አለች ታንጉ፣ እንዳትወድቅ ቀሚሷን ከኋላ ይዛ። «በይ አሁን ጉድጓዱ ውስጥ አፍስሺው፤ ቀስ ብለሽ።»